የጦጢት ዓሦችና አራቱ አምፖሎች

አንድ ጊዜ ከወንዝ ማዶ ባለች መንደር ጦጢት በመስታወት ገንዳ ዓሣ ታረባ ነበር። ቤቷ ጨለማ ስለሆነ ከገንዳው ክዳን ሥር ረጅም የፍሎረሰንት አምፖል ገጥማለች። አንዱ አምፖል ግን አልበቃም፤ ውሃው ውስጥ የተከለችው ሣር ቢጫ ሆነ፣ ዓሦቹም መሸሸጊያ አጡ። ስለዚህ ሌላ አምፖል ልትጨምር ቆርጣ ክዳኑን በገዛ እጇ መብሳት ጀመረች።

ጎረቤቷ ጅብ ይህን ካየ ወዲህ ከደጇ አልጠፋም። ሽቦውን ይረግጥባታል፣ መፍቻዋ ላይ ይቀመጥባታል፣ ዓሦቹ መቼ እንደሚሰቡም ይጠይቃታል። ለማየት እንጂ ለመብል እንዳልሆኑ ስትነግረው ራሱን ይነቀንቅና ያንኑ መልሶ ይጠይቃል። ቀበሮ ደግሞ ከአጥር ውጭ ሆኖ፣ ብርሃን ሲበዛ ሣሩ እንደሚለመልም፣ ሣሩ ሲለመልም ዓሣው እንደሚሰባ ለጅብ ሹክ አለው። ሁለት አሮጌ አምፖሎችም አቀበለው።

አንድ ቀን ጦጢት የአምፖሉን ጫፍ ከእርጥበት የሚከልል ጎማ ልትገዛ ገበያ ወጣች። ቀበሮን ስለምትጠረጥር ቤቷን ለጅብ አደራ ሰጠች፤ ምንም እንዳይነካም ደጋግማ አስጠነቀቀችው።

ስትመለስ ቤቷ እንደ ቀትር ፀሐይ ያበራል። ጅብ አራት አምፖሎች ከክዳኑ ሥር ጠቅጥቆ፣ መብራቱን የሚያስነሣውንና ሲበራ የሚግለውን ብረት እዚያው ከክዳኑ ሥር ከትቶ፣ ብርሃኑ እንዳያመልጥ ክዳኑን በብርድ ልብስ ሸፍኖታል። ዓሦቹ ውሃው ሞቆባቸው ከላይ ተሰብስበው አፋቸውን ይከፍታሉ።

«ምነው አያ ጅቦ፣ አትንካ አላልኩህም?» አለችው በደከመ ድምፅ።

«አንድ አምፖል ከሚያሰባቸው አራት ቢያሰባቸው ምን ከፋሽ?» አላት።

በዚህ መሃል ቀበሮ ያዘነ መስሎ ብቅ አለ። «እመት ጦጢት፣ እኔ ቤት ቀዝቃዛ ውሃ አለ። እስክትጠግኚው ድረስ ዓሦቹን ስጪኝ» አላት።

ጦጢት ከመማረሯ የተነሣ ልትሰጠው መረቧን አነሣች። ዞር ስትል ግን ቀበሮ ምራቁን ሲውጥ አየችው።

«ካዘንክላቸውስ ውሃውን ወዲህ አምጣው» አለችው።

ቀበሮ ውሃ ላምጣ ብሎ እንደወጣ ቀረ።

እሷም መብራቱን ከግድግዳው ነቅላ፣ ክዳኑን አንሥታ፣ ቀዝቃዛ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ ጨመረች። ዓሦቹ ነፍስ ዘሩ፤ ትልቁ ቀይ ዓሣ ብቻ ሞተ። ጅብ እሱን ለድካሙ እንድትሰጠው ለመናት። ጦጢት የምትከራከርበት ጉልበት ስላልነበራት ሰጠችው። ጅብም አንዴ ጎርሶት «ገና አልሰባም ነበር» አለና ወጣ።

በማግስቱ ሁለቱን አምፖሎች ብቻ አስቀርታ፣ የሚግለውን ብረት ከክዳኑ ውጭ ግድግዳው ላይ ሰቀለችው። ውሎ አድሮ ሣሩ ለመለመ። ጅብ ከበር ሆኖ ልርዳሽ ሲላት ግን አልከፈተችለትም።

ከዚህ የምንማረው፣ ሌላ ሌባ ፈርተን ንብረታችንን፣ ሆዱ ንብረታችን ላይ ላረፈ ረዳት አደራ መስጠት እንደማይገባን ነው።