አህዪቱና የተሰነጠቀው ተራራ

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ በከበደበት ዓመት፣ ከተራራ ወገብ ላይ ባለች መንደር በጎች፣ ፍየሎችና አንዲት አህያ አብረው ይኖሩ ነበር። ዝናቡ ዘጠኝ ቀን ሳያባራ ዘነበ። ከመንደሩ በላይ ካለው ምንጭ ውኃ የምታመላልሰው አህዪቱ ናትና ነገሩን መጀመሪያ ያየችው እሷ ነበረች። ምንጩ ደፈረሰ። አጠገቡም መሬቱ ተሰነጠቀ። በመጀመሪያው ቀን ስንጥቁ ሰኮናዋን እንኳ አያስገባም ነበር፤ በማግስቱ ግን እግሯ እስከ ጉልበቷ ገባ።

ከዚያ ወዲያ ሣሩ አልበላ አላት። ስትቆም ትቁነጠነጣለች፤ ስትተኛ ጆሮዋን መሬት ላይ ለጥፋ ታዳምጣለች። በመጨረሻ ወደ መንደሩ ሽማግሌ፣ ወደ አውራው በግ ሄደች።

«አባባ፣ ተራራው ሊናድ ነው። ዛሬውኑ ከጅረቱ ማዶ እንሻገር።»

በጉ አፉን ሳይከፍት ጎረቤታቸው ቀበሮ ጣልቃ ገባች። «አይ እሜቴ አህዪት! ውኃ መሸከሙ ሰለቸሽ አይደል? እኔ ከነልጆቼ እዚሁ ጉድጓዴ ውስጥ ለጥ ብዬ ነው የማድረው!»

ሁሉም ሳቁ። በጉም «ገብሳችን ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ወዴት እንሂድ? አርፈሽ ተቀመጪ» አላት።

ማረፍ ግን አልቻለችም። መሸሻ መንገድ ልትፈልግ ቁልቁል ወረደች። ከመንደሩ በታች ካለው ገደል ግርጌ አያ ጅቦ በቀን ብርሃን፣ ዝናብ እየወረደበት፣ አፉን ከፍቶ ሽቅብ ያያል።

«አያ ጅቦ፣ ምን ትጠብቃለህ?» አለችው ከቋጥኝ ላይ ሆና።

«ሥጋ ነዋ!» አለ ምራቁን እየዋጠ። «ተራራው ሲናድ በጉም ፍየሉም እየተንከባለለ ይመጣልኛል። አንቺም ትመጫለሽ። ጉበቱ ለቀበሮ፣ ሌላው ለእኔ ተባብለናል። ብቻ ለማንም እንዳትናገሪ!»

አህዪቱ ትንፋሿ እስኪቆረጥ ሽቅብ ሮጠች። ከመንደሩ መካከል ቆማ አናፋች። ሁሉም ሲሰበሰብ ቀበሮዋን ትክ ብላ እያየች «ልጆችሽ የት ናቸው?» አለቻት።

«ጉድጓድ ውስጥ ተኝተዋል። እንዳትቀሰቅሻቸው!»

አህዪቱ አንገቷን ወደ ጉድጓዱ ሰደደች። ባዶ ነው። ጉዝጓዙ ሳይቀር ተጠራርጎ ሄዷል። ቀና ስትል ቀበሮዋም የለችም። ጅቡ ያላትን አንድ በአንድ ነገረቻቸው።

«ተነሡ!» አለ በጉ።

ገብሱን እንደቆመ ትተው፣ መራመድ ያቃታትን አሮጊት ፍየል በአህዪቱ ጀርባ ጭነው፣ በጎን ባለው መንገድ ጅረቱን ተሻገሩ። የመጨረሻው ግልገል ማዶውን እንደረገጠ ተራራው ጮኸ። ምንጩ፣ ማሳው፣ ቤቱ ሁሉ አንድ ላይ ወረደ። አያ ጅቦ ጩኸቱን ሲሰማ «መጣልኝ!» ብሎ አፉን ይበልጥ ከፈተ። የመጣለት ግን ጭቃና ድንጋይ ነበር፤ እዚያው ቀበረው።

በጉ ወደ አህዪቱ ቀረበ። «ልጄ፣ ይቅር በይኝ።»

«እሱ ይደርሳል አባባ፤ አሁን ግልገሎቹን ይቁጠሩ።»

ሁለት ጊዜ ቆጠረ። አንድም አልጎደለም። ያን ጊዜ ጭቃው ላይ ተቀምጦ አለቀሰ።

ከዚህ የምንማረው፣ ስጋቱን ሊነግረን የመጣን ጎረቤት ዝም ከማሰኘታችን በፊት አብረነው ሄደን ያየውን ማየት እንዳለብን ነው።