የሰጠኸው ሳይመለስ የያዝከውን አትልቀቅ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» እንዳትሉኝ። ዛሬ ላም የለችም። ያለው ብስክሌት ነው፤ እሱም የኋላ ጎማው ተንፍሷል።

ብስክሌቱ የጋሽ ቢያድግልኝ ነው። ጋሽ ቢያድግልኝ ማነው ካላችሁ፣ በባሕር ዳር ከተማ ብስክሌት ለያዘ ሰው ሁሉ ሳይጠየቅ ምክር የሚያድል ጡረተኛ አስተማሪ ነው። «አንተ ልጅ፣ ቁም! መቀመጫህ ዝቅ ብሏል፣ ጉልበትህን ትጨርሰዋለህ!» ይላል። «አንቺ፣ ፍሬንሽን ሳትሞክሪ ነው ቁልቁለት የምትወርጂው?» ይላል። ምክሩ ትክክል ነው፤ እዚያ ላይ አላማውም። ክፋቱ፣ አንዱን ሲመክር ሌላው ይመጣል፣ ሌላውን ሲመክር የወጣበትን ይረሳል። ለሠርግ ወጥቶ ለመልስ ይደርሳል፤ ለቀብር ወጥቶ ለአርባ ይደርሳል።

ድሮ የጎማ መንፊያውን ለሰው አውሶ ከቀረበት ወዲህ ደግሞ አንዲት ሕግ አወጣ። «የሰጠኸው ሳይመለስ የያዝከውን አትልቀቅ» ትላለች። ሰፈሩ የቀረውን ምክሩን በአንድ ጆሮ ሰምቶ በሌላው ሲያፈሰው፣ ይህችን አንዷን ግን እንደ ዳዊት ደገማት። ሰው መቼም የሚጠቅመውን መርጦ ይሰማል።

ጋሽ ቢያድግልኝ ሚስቱ ከሞተች ቆይቷል። አሁን ቤት ውስጥ ምክሩን የምትሰማው ድመቱ ብቻ ናት፤ እሷም ትተኛለች። ስለዚህ ዘጌ ያለችውን ወይዘሮ ጥሩአየርን አግቢኝ አላት። ይወዳታል፤ ስሟ ሲነሳ እንደ ልጅ ያፍራል። ነገር ግን ሽባባው የሚባል ባለ ባጃጅም አግቢኝ ብሏታል። ጥሩአየር ሁለቱንም ስታሰላስል ከረመችና ለጋሽ ቢያድግልኝ ደወለች።

«እሑድ ስድስት ሰዓት በጀልባ እመጣለሁ» አለችው። «በብስክሌትህ መጥተህ ጓዜን ተቀበለኝ። ምክር ጠግቤአለሁ፤ የቸገረኝ በሰዓቱ የሚደርስ ሰው ነው። ካጣሁህ ከሽባባው ጋር በባጃጅ እሄዳለሁ። ከሄድኩ ደግሞ ሄድኩ ነው።»

እሑድ ጠዋት ተላጭቶ፣ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ቢወጣ፣ ጎማው መሬት ተኝቷል። በእግሬ ልሂድ ቢል፣ ጓዝ በብስክሌት እቀበላለሁ ብሎ ቃል ገብቷል። ብስክሌቱን እየገፋ ወጣ። ከመቀመጫው ሥር ያለችው የቆዳ ቦርሳ «ቋ፣ ቋ» ትላለች። «ብስክሌት ያለ ምክንያት አይጮህም፤ ድምፅ ከሰማህ ቆመህ መርምር» እያለ ከተማውን ያስተማረው እሱ ራሱ ነው። ዛሬ ግን ቸኩሏል፤ አልመረመረም።

ጎሚስታው ታፈረ ጋ ደረሰ። ሌላ ጎሚስታ የለም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አለ፤ ግን ጋሽ ቢያድግልኝ ሁሉንም ሥራቸውን እያስተማረ አስቀይሟቸዋል። የቀረው ታፈረ ነው።

«ታፈረ ልጄ፣ ጎማዬን ለጥፍልኝ። ጥሩአየር በጀልባ እየመጣች ነው።»

ታፈረ ጎማውን ፈትቶ እጁን በውስጥ አዞረና እሾህ ነቀለ፤ ጎማውንም መልሶ ገጠመው። «እሾሁ ሳይወጣ ልጣፍ አይለጠፍም ያሉት እርስዎ አይደሉ? ይኸው አወጣሁት። ግን ተነፍቶ፣ ውሃ ውስጥ ገብቶ ካልታየ ጥገናው ጥገና አይደለም ያሉትም እርስዎ ነዎት። መንፊያዬ ደግሞ ዳቦ አዟሪዋ እትዬ ዘርፌ ጋ ነው። እሷ መንፊያውን ካልሰጠች እኔ ጎማውን አልለጥፍም።»

ጋሽ ቢያድግልኝ ብስክሌቱን እየገፋ፣ ቦርሳዋም ቋ፣ ቋ እያለች፣ ዘርፌ ጋ ሄደ። ዘርፌ ዳቦ በብስክሌት እየዞረች የምትሸጥ የሱ እኩያ ናት።

«ዘርፌ፣ መንፊያውን ስጪኝ። አንቺ መንፊያውን ካልሰጠሽ፣ ታፈረ ጎማውን አይለጥፍ፤ ጎማው ካልተለጠፈ፣ እኔ ወደብ አልደርስ፤ እኔ ወደብ ካልደረስኩ፣ ጥሩአየር በባጃጅ ትሄዳለች።»

«ወይ ጉድ፣ ላንተማ ነፍሴንም ብሰጥህ!» አለች ዘርፌ። «መንፊያውን ግን አልሰጥም። ቅርጫቴን ዓሣ አጥማጁ ሞላልኝ ወስዶ ቀረ። ጭነት ከፊት በቅርጫት ይታሰር እንጂ በመሪው ላይ አይንጠልጠል ብለህ ያስገዛኸኝ ቅርጫት! አሁን ዳቦዬን በመሪው አንጠልጥዬ ሁለቴ ወድቄአለሁ። የሰጠሁት ሳይመለስ የያዝኩትን አልለቅም። ማነው እንዲህ ያለው?»

ማን እንዳለው ጋሽ ቢያድግልኝ ያውቃል። ቋ፣ ቋ እያለ ሐይቁ ዳር ወረደ። ሞላልኝ መረቡን ይጠግናል።

«ሞላልኝ፣ ቅርጫቱን ስጠኝ። አንተ ቅርጫቱን ካልሰጠህ፣ ዘርፌ መንፊያውን አትሰጥ፤ ዘርፌ መንፊያውን ካልሰጠች፣ ታፈረ ጎማውን አይለጥፍ፤ ጎማው ካልተለጠፈ፣ እኔ ወደብ አልደርስ፤ እኔ ወደብ ካልደረስኩ፣ ጥሩአየር በባጃጅ ትሄዳለች።»

«ያሳዝናል» አለ ሞላልኝ፣ መረቡን ሳይለቅ። «ሽባባው ደግሞ አሁን ባጃጁን ሲያጥብ አየሁት። አበባም አስሮበታል። ግን ቅርጫቱን አልሰጥም። የዘይት ጣሳዬን ጸጉር አስተካካዩ አስራደ ወስዶ ቀረ። ሰንሰለት ሲደርቅ ጥርሱን ይበላል፣ ጠብ አድርግለት፤ አብዝተህ ካፈሰስክ ደግሞ አቧራ ይሰበስባል ያልከኝ ትዝ ይልሃል? ጠብ የማደርገው አጥቼ ሰንሰለቴ እንደ አህያ ይጮሃል። እና፣ የሰጠሁት ሳይመለስ የያዝኩትን አልለቅም።»

ፀሐይ ወጥታለች፤ ነጩ ሸሚዝ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ቋ፣ ቋ፣ ወደ አስራደ።

«አስራደ፣ የዘይቱን ጣሳ ስጠኝ። አንተ ዘይቱን ካልሰጠህ፣ ሞላልኝ ቅርጫቱን አይሰጥ፤ ሞላልኝ ቅርጫቱን ካልሰጠ፣ ዘርፌ መንፊያውን አትሰጥ፤ ዘርፌ መንፊያውን ካልሰጠች፣ ታፈረ ጎማውን አይለጥፍ፤ ጎማው ካልተለጠፈ፣ እኔ ወደብ አልደርስ፤ እኔ ወደብ ካልደረስኩ፣ ጥሩአየር በባጃጅ ትሄዳለች።»

አስራደ የሚያስተካክለውን ሰው ትቶ ወጣ። «ጋሼ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? ምን ያስቸኩልዎታል?»

«እንቁላሉ ይሂድ! እኔ ነኝ የቀረሁት!»

«ዘይቱን አልሰጥም» አለ አስራደ በትሕትና። «የኋላ ጭንቅላት የማሳይባትን ትንሿን መስታወት ብስክሌት አከራይዋ ባንቺአየሁ ወስዳ ብስክሌት ላይ አሰረቻት። አሁን ደንበኛው ሁሉ ከኋላ ምን እንደሆነ ሳያይ በእምነት ይሄዳል። የሰጠሁት ሳይመለስ የያዝኩትን አልለቅም፤ እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ። ይልቅ ባንቺአየሁ ጋ ብስክሌት ይከራዩ።»

ባንቺአየሁ ጋ ግን እሑድ ስለሆነ ብስክሌቱ ሁሉ ወጥቷል። የቀረችው የሕፃናት ብስክሌት ናት፤ የአስራደ መስታወት መሪዋ ላይ ታስራ ታብረቀርቃለች። ጋሽ ቢያድግልኝ ለመቀመጥ ሞከረ፤ ጉልበቱ አገጩን መታው። ብስክሌት በቁመት ይመረጣል ብሎ ስንቱን እንዳልመከረ!

«ባንቺአየሁ፣ በእመቤታችን፣ መስታወቱን ፍቺልኝ! አንቺ መስታወቱን ካልፈታሽ፣ አስራደ ዘይቱን አይሰጥ፤ አስራደ ዘይቱን ካልሰጠ፣ ሞላልኝ ቅርጫቱን አይሰጥ፤ ሞላልኝ ቅርጫቱን ካልሰጠ፣ ዘርፌ መንፊያውን አትሰጥ፤ ዘርፌ መንፊያውን ካልሰጠች፣ ታፈረ ጎማውን አይለጥፍ፤ ጎማው ካልተለጠፈ፣ እኔ ወደብ አልደርስ፤ እኔ ወደብ ካልደረስኩ፣ ጥሩአየር በባጃጅ ትሄዳለች። እኔም ከድመቴ ጋር እቀራለሁ!»

«ውይ ጋሼ! እኔ እኮ እሰጥ ነበር» አለች ባንቺአየሁ። «ግን የምፈታበት መፍቻ የለኝም።»

«በፒንሳ ፍቺው!»

«ብሎን በልኩ መፍቻ እንጂ በፒንሳ አይነካም፣ ጠርዙ ይበላል ያሉኝ እርስዎ ነዎት። መፍቻዬን ደግሞ የተዋሰኝ ሰው አልመለሰልኝም።»

እዚህ ላይ ጋሽ ቢያድግልኝ ነደደ። «ማነው እሱ ይሉኝታ ቢስ? ሰው የሰው መፍቻ ወስዶ እንዴት እንቅልፍ ይወስደዋል? ስሙን ንገሪኝ! ዕቃ ተውሶ ስለመመለስ አንድ ሁለት ቃል አለኝ...»

ባንቺአየሁ መሬት መሬት አየች። «ጋሼ፣ ለዳግማይ ትንሣኤ መቀመጫዬን ከፍ ላድርግ ብለው የወሰዷት እርስዎ ነዎት።»

ጋሽ ቢያድግልኝ ብስክሌቱን አየ። ቦርሳዋን አየ። ከፈታት። መፍቻዋ፣ ጠዋቱን ሙሉ ቋ፣ ቋ ስትለው የነበረችው መፍቻ፣ ጉያዋ ውስጥ ተኝታለች። ልጇን አዝላ ልጇን እንደምትፈልግ ሴት ከተማውን ዞሯል። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል፤ መካሪ ሲሆን ግን መከራው ትንሽ ይዘገያል።

«ይቅርታ ልጄ» አለና ሰጣት። ከወደብ በኩል የጀልባው ጡሩምባ ተሰማ።

ከዚያ በኋላ ማን ይያዘው! መፍቻዋ ለባንቺአየሁ ተመለሰች፣ ባንቺአየሁ መስታወቱን ፈታች፤ መስታወቱ ለአስራደ ተመለሰ፣ አስራደ ዘይቱን ሰጠ፤ ዘይቱ ለሞላልኝ ተመለሰ፣ ሞላልኝ ቅርጫቱን ሰጠ፤ ቅርጫቱ ለዘርፌ ተመለሰ፣ ዘርፌ መንፊያውን ሰጠች፤ መንፊያው ለታፈረ ተመለሰ፣ ታፈረ ጎማውን ለጠፈ፣ ነፋ፣ ውሃ ውስጥ አስገብቶ አየ። አረፋ የለም። ጋሽ ቢያድግልኝ ፔዳሉን ረገጠ።

መንገድ ላይ ሰንሰለቱ የደረቀ ጎረምሳ አየ፤ ምላሱን በላው፣ አልቆመም። የሱሪዋን ጫፍ ሳታስር የምትነዳ ልጅ አየ፤ አልቆመም። ወደብ ሲደርስ ጀልባው ሰውን አራግፎ ጨርሷል። የጥሩአየር ጓዝ አበባ የታሰረበት ባጃጅ ላይ ተጭኗል። የጥሩአየርም አንድ እግሯ ባጃጁ ውስጥ ገብቷል።

«ዛሬስ ማንን ስትመክር ነው?» አለችው።

ዘይቱም፣ ቅርጫቱም፣ መንፊያውም፣ መስታወቱም፣ ሁሉም ተሰልፈው አፉ ላይ መጡ። ዋጣቸው።

«መፍቻዋ እኔ ጋ ነበረች» አለ። «የሰው ዕቃ ተውሼ ሳልመልስ ቀረሁ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ጥሩአየር የቀረውን ጠበቀች። ዕቃ እንዴት እንደሚያዝ፣ ጎማ እንዴት እንደሚመረጥ፣ እሷም ጀልባ ላይ የት መቀመጥ እንደነበረባት ጠበቀች።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለኝም።»

እግሯን ከባጃጁ አወጣች። «ሽባባው፣ ይቅርታ አድርግልኝ፤ ጓዜን አውርድልኝ» አለች። ይህን ሰው ስታውቀው በሦስት ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ሲያበቃ አይታው አታውቅም። ጋሽ ቢያድግልኝ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ላብ ነው እንዳይል ሸሚዙ አስቀድሞ ደርቋል።

ጓዙን ከኋላ አስረው ብስክሌቱን ለሁለት እየገፉ ሲሄዱ፣ ሽባባው ከኋላ ተጣራ። «ጋሼ! ይሄ የፊት ጎማዬ ጎድሏል እንዴ?»

ጎማው ከሩቅ ያስታውቃል። ጋሽ ቢያድግልኝ ወደብ ከደረሰ ጀምሮ አይቶታል፤ ጥርሱን ነክሶ ነው ያለፈው። አሁን አፉን ከፈተና ጥሩአየርን አያት።

«ተጠየቅህ እኮ» አለችው እየሳቀች። «መልስለት።»

«ጎድሏል!» አለ ጋሽ ቢያድግልኝ። «ታፈረ ጋ ሂድ። መንፊያው ተመልሷል።»

አፌን በዳቦ አብሱ አልልም፤ ዳቦውን ዘርፌ በቅርጫቷ ይዛው ዞራለች። ተረቴን ብቻ መልሱልኝ፤ ቤታችሁ የሰው መፍቻ ካለም አብራችሁ።