የፊታውራሪ ሙጫና የተድባቡ ወናፍ

ይህን ጨዋታ ያወረሰኝ አጎቴ ነው። አጎቴ ሲያወራ ቅመም የሚያበዛ ሰው ነበር። ወደ አንጥረኛው ተድባቡ ሲመጣ ግን «ለዚህ ቅመም አያስፈልግም፤ ሰውየው ራሱ ሚጥሚጣ ነው» ይላል።

በዚያ ዘመን ፊታውራሪ ይርዳው የሚባሉ፣ በሰንጠረዥ በተሸነፉ ቁጥር ከአባታቸው የወረሱትን የብር ጠጠሮች ከግድግዳ የሚያላትሙ ጌታ ነበሩ። ጾም ገብቶ አደን ሲቀር ደግሞ የሰባበሯቸውን ነገሥታትና ፈረሶች በግራር ሙጫ ሲለጥፉ ይውላሉ። ለአንጥረኛ መስጠት እንደ ሽንፈት ይሆንባቸዋል። አንድ ቀን ራሳቸው የጠገኑትን ፈረስ ለተድባቡ አሳዩት። አንገቱን የለጠፉት ወደ ጭራው አዙረው ነው።

«እጄን እንዴት አየኸው?» አሉት።

«ድንቅ ነው ጌታዬ፤ ይህ ፈረስ ከእንግዲህ ሲሸሽም ጠላቱን እያየ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ፊታውራሪ የተድባቡን ዓይን ማየት ጠሉ።

ወር ሳይሞላ ተድባቡ የጠጠሮቹን ሣጥን ማጠፊያ ሊያበጅ ቤታቸው ገብቶ ወጣ። በማግስቱ ፊታውራሪ የሙጫ ቅላቸው አምልጧቸው ሣጥኑ ውስጥ ደፉት። በሦስተኛው ቀን ሙጫው ሲደርቅ ጠጠሮቹ ሁሉ አንድ ጓል ሆነው ቁጭ አሉ። ከላይ የሚታየውን ቢቆጥሩ አንድ ፈረስ ጎደለ። ሙጫውን የደፉት እሳቸው፣ ሌባው ግን ተድባቡ ሆነና ወናፉን በመያዣ ወሰዱበት። ዳኛ ከፈረደበት ወናፉም እንደወጣ ይቀራል፣ እሱም አገር ይለቃል። ወናፍ የሌለው አንጥረኛ ደግሞ ምን ይሠራል? አጎቴ እዚህ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ይቆጣ ነበር፤ እኔም እቆጣለሁ።

ይባስ ብለው ተድባቡን አስጠሩት። «ፈረሴን ሰርቀሃል። ለማንኛውም ይህን ጓል አላቅቅልኝ፤ ከአንተ በቀር የሚችል አጣሁ» አሉት።

«በጉን በላ ብለው ለከሰሱት ጅብ ግልገሎቹን አደራ ይሰጣሉ? በዳኛ ፊት ከሆነ ግን እሺ።»

አግደው የሚባሉት ዳኛ ፈቀዱ፤ የችሎቱ ቀን ጓሉ በገበቴ ሆኖ ከሕዝቡ መሐል ተቀመጠ። በዛ የሚባለው የፊታውራሪ አጋፋሪ ካራውን መዘዘና «ፋቀውና እንገላገል! ብር ነው እንጂ እንቁላል መሰለህ?» አለ።

«እንግዲያስ ነገ የጌታችንን ጢም ማር ቢነካው ከነአገጫቸው ልትፍቀው ነዋ!» አለው ተድባቡ።

ከዚያ ሙቅ ውሃ ጠየቀ። ማሞቂያውን እንጨት እንዲሰጡ የታዘዙት የፊታውራሪ ባለቤት ወይዘሮ ጠጂቱ ነበሩ። በስስት የታወቁ ናቸውና ሦስት ጭራሮ አስይዘው መጡ።

«እሜቴ፣ ውሃው ይሙቅበት ነው ወይስ አይቶት ይፈር?»

ዳኛው ሣቃቸውን በኩታቸው ሸፍነው ከሌላ ቤት አንድ ሸክም አስመጡ።

ተድባቡ ጓሉን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሮ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። ውሃው ሲበርድ ይቀይራል፣ ደግሞ ይቀመጣል። የደረቀ ሙጫ በጉልበት ከብር ላይ አይለቅም፤ በሙቀት ሲለሰልስ በላባ ጫፍ መግፋት ነው። ፊታውራሪ ይህን ከየት ያውቁታል? «ፀሐይዋ እኮ ከፍ አለች! ሥራ ማለት እንዲህ ቁጭ ማለት ነው?» ብለው ጮሁ።

«ጌታዬ፣ ሙጫው ሲደርቅ ሦስት ቀን ታግሠውታል፤ ሲለቅ ግማሽ ቀን ቢነፍጉት ይቀየማል።»

ቀትር ላይ ጓሉ እጅ ሰጠ። ንጉሡ ወጣ፤ ወታደሮቹ አንድ ጭረት ሳይነካቸው ተከታትለው ወጡ። በመጨረሻ ከሁሉም ሥር፣ ገና ሙጫው ሳይለቀው፣ አንገቱ ወደ ጭራው የዞረ የብር ፈረስ ብቅ አለ። ሰው ሁሉ «ጉድ!» አለ።

«እሱ ነው! አሁን ሹልክ አድርጎ የከተተው እሱ ነው!» አሉ ፊታውራሪ።

«እኔማ ብሰርቅ አንገቱ የቀናውን እሰርቅ ነበር።»

ዳኛ አግደው ከዚህ በላይ መስማት አልፈለጉም። «ፈረሱ ከነሙጫው ሲወጣ ሁላችንም አይተናል። ወናፉን እዚሁ በእጅዎ ይመልሱለት» ብለው ፈረዱ።

ወናፉ መጣ። ፊታውራሪ በሁለት እጃቸው ይዘውት ተነሡ፤ ተድባቡም ቀርቦ አንዱን ጫፍ ያዘ። እሳቸው ግን አልለቀቁም። እሱ ይስባል፣ እሳቸው መሬት መሬት እያዩ ጨብጠው ቆመዋል። ዳኛው ታገሡ፣ ታገሡና ተቆጡ፦

«ተድባቡ! ምን ትጠብቃለህ? ተቀበላቸው እንጂ!»

«ትንሽ ሙቅ ውሃ ይጨመርልኝ ጌታዬ፤ ይኸኛው ደግሞ እጃቸው ላይ ተጣብቋል።»