የውሃ አባቱ ማሳ

አንድ የውሃ አባት ነበሩ፤ እንዳላማው ይባላሉ። ከወንዙ የተጠለፈውን የመስኖ ውሃ ለመንደሩ ገበሬዎች በየተራ ሲያካፍሉ ሠላሳ ዓመት ኖረዋል። የአንድ ሰው ማሳ ከጠወለገ ባለቤቱን «ሰንፈህ ነው» አይሉም። መቆፈሪያቸውን ይዘው ቦዩን ሽቅብ ይከተላሉ፤ የደፈነውን ደለልም ከላይ ያገኙታል።

አንድ ቀን እርሳቸውን ስትሮክ መታቸው። ከወራት በኋላ እግራቸው ጸና፣ እጃቸውም መንቀሳቀስ ጀመረ። ሳቃቸው ግን አልተመለሰም። ምግብ እየገፉ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይውሉ ጀመር። ባለቤታቸው ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ሰውየው ዓይናቸው እያየ ሲያልቁባቸው ጭንቅ ያዛቸው።

ጎረቤቱ ሁሉ መካሪ ሆነ፤ ምክር መቼም አያልቅብን!

«ፈጣሪ ካተረፈዎት ምን ያስኮርፍዎታል? ጠንከር ይበሉ እንጂ!» አላቸው አንዱ።

«ሰንፌያለሁ፤ ተዉኝ» አሉ አቶ እንዳላማው።

ይህን ጊዜ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ብድግ አሉ። «አንተ ሰው! የሰው ማሳ ሲጠወልግ አንድ ቀን ሰነፍ ብለህ ታውቃለህ? ዛሬ በራስህ ላይ ትፈርዳለህ? ተነስ፣ ቦዩን ሽቅብ እንከተል!» ብለው፣ ደግፈው ሐኪም ዘንድ ወሰዷቸው።

ሐኪሙ በደንብ ከመረመራቸው በኋላ «እናቴ፣ እንኳን አመጧቸው» አለ። «የአንጎላቸው የደም ሥሮች ተጎድተዋል። ይህ ጉዳት እጅና እግር ብቻ አይዝም፤ የሰውን ደስታም የምግብ ፍላጎትም ሊያደርቅ ይችላል። ድባቴ ይባላል። ስንፍና አይደለም፣ በሽታ ነው፤ ይታከማል።»

በአንድ ጀምበር አልዳኑም። መድኃኒቱን አልውጥም ያሉበት፣ ሳህኑን የገፉበት ቀን ብዙ ነበር። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ግን መድኃኒቱንም ቀጠሮውንም አንድ ቀን አላሳለፉም። እጃቸውን ይዘው በየጠዋቱ እስከ ቦዩ ዳር ያራምዷቸው ነበር። እንዲህ ያለች ሴት ምስጋና ይገባታል!

አንድ ጠዋት አቶ እንዳላማው ቦዩ ዳር ቆም አሉና «ማንጠግቦሽ፣ ዛሬ ውሃው የማን ተራ ነው?» ብለው ጠየቁ። ሴትየዋ እንባቸውን እየጠረጉ ባለተራውን ነገሯቸው።

ዝም ያሉ አዛውንትን «በርቱ» ማለት ቀላል ነው። ከባዱ፣ ዝምታቸው ከየት እንደመጣ ሽቅብ ሄዶ መፈለግ ነው። በእርስዎ ቤት ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩ አባት ወይም እናት አሉ? እስካሁን መክረዋቸዋል ወይስ ሐኪም ዘንድ ወስደዋቸዋል?