ጥፍር የሌላቸው ያቆሙት ጉድጓድ

በዚያ ጫካ የውኃ ጉድጓድ የሚቆፍሩት ጥፍር ያላቸው ብቻ ነበሩ። በሸንጎ መናገር የሚፈልግ አስቀድሞ በሸንጎው መካከል ያለውን እርጥብ ጭቃ ይረግጣል፤ የጥፍሩ ምልክት ካልታየ ተመልሶ ይቀመጣል። አንበሳው ይህን ሥርዓት ያወጣው ሥራ በባለሙያ እንዲመራ ብሎ ነው። ባለሙያዎቹ ደግሞ ሁሉም አንድ ሐሳብ ነበራቸው፤ ጉድጓዱ ሲናድ አጥልቆ መቆፈር። በየዓመቱ ይናዳል፤ በየዓመቱ ያጠልቁታል።

እመት ጃርት ባሏን የቀበረችው ሲቆፍር በተናደበት በዚያው ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ መቅበር ከተባለ። ሟቹ በሕይወቱ ሳለ፣ ጎጆ ሠሪዋ ወፍ ግድግዳውን በሸምበቆ ብትጎነጉነው፣ ምስጥም ብትመርገው እንደሚቆም ለሸንጎው ተናግሮ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ «አቶ ሸምበቆ» ሲሉት ኖሩ።

ዘንድሮ ወርዶ የመቆፈሩ ተራ ለልጇ ደረሰ። እመት ጃርት ጭቃውን ረገጠችና፣ «ጌታዬ፣ ልጄን አልከለክልም። ከመውረዷ በፊት ግን ወፏና ምስጧ ይሰሙ» አለች።

አያ ጅብ ሳቀ። «እመት ጃርት፣ ወፍ ጉድጓድ ወርዳ ምን ልትሠራ? እንቁላል ልትጥል?»

«አንተስ ስንት ጊዜ ወርደሃል፣ አያ ጅቦ?»

አያ ጅብ አንድም ቀን ወርዶ አያውቅም። አንበሳው ፈቀደ፤ ያስፈቀደው ጥማቱ እንጂ ማስተዋሉ አልነበረም።

የወፏ ጉንጉን ብቻውን ቢቆም አፈር አሾለከ። የምስጧ ምርጊት ብቻውን ቢለጠፍ ተፈረካከሰ። ሁለቱ ሦስት ቀን ሲጨቃጨቁ ሰነበቱ፤ በመጨረሻ ምርጊቱ በጉንጉኑ ላይ ተለጠፈ። የጃርት ልጅ ትንሽ በቆፈረች ቁጥር እነሱ ከላይ ወደ ታች እያጠናከሩ ተከተሏት። ውኃው ፈለቀ፤ ልጅቱም እግሯ እንደራሰ በሕይወት ወጣች።

አንበሳው ደስ ብሎት አዲስ ሥርዓት አወጀ፤ ከእንግዲህ በሸንጎ የሚናገሩት ወፍ፣ ምስጥና ጃርት ብቻ ናቸው። አዋጁ የሚጸናው ጭቃው ሳይደርቅ ሦስቱም ሲረግጡት ነው። ወፏ ረገጠች፤ ምስጧም ረገጠች።

ይህን ጊዜ ጦጣ ከዳር ተነሥቶ፣ ማንም ሳይወርድ ውኃውን በሐረግ ማውጣት እንደሚቻል ሊያስረዳ ጀመረ።

ወፏ አላስጨረሰችውም። «አንተ ደግሞ ስለ ጉድጓድ ምን ታውቃለህ? አንድ ጎጆ እንኳ ሠርተህ ታውቃለህ?»

ሸንጎው ሳቀ። ሳቁን እመት ጃርት ታውቀዋለች፤ ባሏ እዚሁ ጭቃ ላይ ቆሞ ሰምቶታል።

«የቀረሽው አንቺ ነሽ፤ እርገጪ እንጂ» አላት አንበሳው።

እግሯን አነሣች፤ አላወረደችውም። ሁሉም ይጠብቃታል። ፀሐዩ በርትቷል፤ ጭቃው መድረቅ ጀምሯል።