ውሻው ከኋላቸው ምን አየ?

አንድ ሰው ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን ከወዲሁ የምነግራችሁ፣ ታሪኩን ስትሰሙ «ክፉ ነው» ብላችሁ እንዳትገላገሉት ስለምፈራ ነው። ቢሾፍቱ ነው የሚኖረው። ሚስት አለችው፣ የሁለት ዓመት ሴት ልጅ አለችው። እሁድ እሁድ ልክ እናንተ አሁን እንደተቀመጣችሁት ተቀምጦ ቃሉን ይሰማል። ስሙን ደምሰው እንበለው።

ደምሰው ጃክ የሚባል ውሻ ነበረው። ገና ሰባት ወሩ ነው። እግሩ ከሰውነቱ ቀድሞ ያደገ ጎረምሳ ውሻ! አንድ ዐመል ግን ነበረበት። የግቢው በር ገርበብ ካለ ይወነጨፋል፣ አስፋልቱ ላይ ባጃጅ ያባርራል። ሁለት ጊዜ ከጎማ ሥር ለጥቂት ተረፈ።

«ይሄ ውሻ አንድ ቀን ይሞትብኛል» እያለ ደምሰው ይጨነቅ ነበር። ልብ በሉ ወገኖቼ፤ ነገሩ የተጀመረው በፍቅር ነው።

የሥራ ባልደረባው ከውጭ ሲመለስ በሪሞት የሚሠራ የውሻ አንገት ቀበቶ አመጣለት። ቀበቶው ባትሪ አለው። ከሥሩ ሁለት አጫጭር ብረቶች የውሻውን ቆዳ ይነካሉ። ባለቤቱ ሪሞቱን ሲጫን ቀበቶው ይነዝራል። ከአንድ እስከ መቶ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ንዝረቱ ይበረታል።

ሚስቱ ወይንሸት ገና ስታየው ፊቷ ተለዋወጠ። «ይሄን ነገር ግቢዬ ውስጥ እንዳላየው» አለች።

«እሺ» አላት። ግን አልጣለውም።

ይልቁንም ድሮ የፖሊስ ውሾች ያሠለጥኑ ወደነበሩ ጡረተኛ ሄደ። ሃምሳ አለቃ ታፈሰ ይባላሉ። ቀበቶውን አገላብጠው አዩትና እንዲህ አሉት፦

«መሣሪያው ክፉ አይደለም፤ ችኮላው ነው ክፉ። መጀመሪያ አንድ ሳምንት ሙሉ ዝም ብለህ እሰርለት። አትጫነው። እየበላ፣ እየተጫወተ ክብደቱን ይልመደው። ከዚያ ከትንሿ ቁጥር ጀምር፤ ጆሮውን እያት። ዝንብ እንዳረፈባት ያህል ንቅንቅ ስትል እዚያው ቁም። የእሱ ቁጥር ያቺ ናት። ቀጥሎ በገመድ ይዘህ ጥራው፣ ሪሞቱን ንካ፣ ወደ አንተ ሲዞር ወዲያው ልቀቅለት። ወደ አንተ ሲመጣ ንዝረቱ እንደሚቀርለት ይማር።»

ደምሰው ራሱን ነቀነቀ። ሃምሳ አለቃ ግን አልጨረሱም።

«አንድ ነገር ስማኝ። ከመጫንህ በፊት ዓይኑ የት እንዳለ እይ። ውሻ ሪሞት አያውቅም። ያመመው ያን ጊዜ ካየው ነገር የመጣ ይመስለዋል። ድመት እያየ ከነዘርከው ‹ድመቷ ናት› ይላል። ሰው እያየ ከነዘርከው ግን…» አሉና ቀበቶውን መለሱለት።

ደምሰው ሰማ። እኛስ? እኛም እንሰማለን አይደል? ስንሰማ ማን ይችለናል!

አሁን አንዲት እናት ላስተዋውቃችሁ። እማማ አመለወርቅ ይባላሉ። ከግቢው ጀርባ ካሉት ክፍሎች አንዷን ይዘው ይኖራሉ። ወይንሸት እናቷ የሞተችባት በጨቅላነቷ ነው፤ አዝለው ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ሌላ ቤት የላቸውም። ሌላ ሰው የላቸውም። ጃክም ቡችላ ሆኖ ሲመጣ የተኛው እሳቸው እግር ላይ ነው። ከውጭ በተመለሱ ቁጥር ከነጠላቸው ጫፍ ቁራሽ ዳቦ ፈትተው ይሰጡታል።

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ቀበቶው ጃክ አንገት ላይ ከታሰረ ሁለተኛ ቀኑ። ሁለተኛ ሳምንቱ አላልኩም፤ ሁለተኛ ቀኑ! ወይንሸት እንዳታይ ደምሰው ከፀጉሩ ሥር ደብቆ ነው ያሰረለት። ራሱ በረንዳ ላይ ቆሟል፤ ሪሞቱ ኪሱ ውስጥ ነው፤ በርቷል። ቁጥሩን ራሱ አዙሮት ይሁን ኪሱ ውስጥ ታሽቶ ዞሮ፣ ዛሬም አያውቅም። አላየውም።

በሩ ተከፈተ። ጃክ ተወነጨፈ። ደምሰው ተጫነ።

በሩን ከፍተው የገቡት ግን እማማ አመለወርቅ ነበሩ። ጃክ የሮጠው ወደ አስፋልቱ አልነበረም፤ ወደ እሳቸው ነበር። ጭራውን እየቆላ፣ ዓይኑን ፊታቸው ላይ ተክሎ።

ቁጥሩ ሰባ ሁለት ላይ ነበር።

ደምሰው ውሻ እንደዚያ ይጮኻል ብሎ አስቦ አያውቅም። የሰው ጩኸት ነበር የሚመስለው። ክው ብሎ ቀረ፤ ከድንጋጤው የተነሣ ጣቱን ማንሳት ረሳ። ጃክ እማማ እግር ሥር ወድቆ ተንፈራገጠ፣ ከዚያ ተነሥቶ ከውሃ ታንከሩ ኋላ ተወሸቀ። ዳቦው መሬት ላይ ቀረ።

ወይንሸት ከወጥ ቤት እየሮጠች ወጣች። «ምን ሆነ? ምን ነካው?»

ደምሰው ያን ጊዜ መናገር ይችል ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃው ነበር። «እኔ እንጃ» አለ። ጃክን የሚያባብል መስሎ ጎንበስ አለና ቀበቶውን ፈትቶ ከሪሞቱ ጋር ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከተተው።

ከዚያ ቀን በኋላ የዚያ ግቢ አየር ተለወጠ።

እማማ አመለወርቅ ብቅ ሲሉ ጃክ የጀርባው ፀጉር ይቆማል። አይጮኽም። ቢጮኽ ይሻል ነበር። ዝም ብሎ ወደ ኋላው እያፈገፈገ ያያል። የሚያየው ደግሞ ፊታቸውን አይደለም፤ ከትከሻቸው አለፍ ብሎ፣ ከኋላቸው የሆነ ነገር የቆመ ይመስል። እሳቸው በሌሉበትም የሚቀመጡባትን በርጩማ እያየ ይንቀጠቀጣል። የተዘጋው በራቸው ላይ አፍጥጦ ሙሉ ጠዋት ይቆማል።

ጎረቤት የሆነች ሴት ይህን አየች። «ውሾች እኮ ለእኛ የማይታየን ይታያቸዋል» ብላ ለወይንሸት ሹክ አለቻት። «እኔ ብሆን ልጄን ከእሳቸው ጋ አልተውም።»

ወይንሸት ተቆጣቻት። በዚያው ሳምንት ግን ልጅቷን ትኩሳት ያዛት። ወይንሸትም ልጇን ከእማማ ጭን ላይ ቀስ ብላ አነሣቻት፤ «ላጥባት» ብላ። በማግስቱ «ላስተኛት» ብላ። በሦስተኛው ቀን ምክንያትም አላስፈለጋት። እማማ ባዶ ጭናቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ተቀመጡ።

ከሁሉ የሚከፋውን ልንገራችሁ? እማማ ራሳቸው አመኑ። መንገድ ላይ እየሄዱ ድንገት ዞር ይላሉ። መስታወት ፊት ቆመው ፊታቸውን ሳይሆን ከትከሻቸው በላይ ያለውን ያያሉ። አንድ ቀን ልብስ ሲያሰጡ ደምሰውን ጠሩት።

«ልጄ፣ አንተ አትዋሸኝም። ከኋላዬ የቆመ ነገር ይታይሃል?»

«ኧረ ምንም የለም እማማ!»

«ታዲያ ውሻው ምንድን ነው የሚያየው?»

ደምሰው እጁን ኪሱ ከተተ። ሪሞቱ እዚያ ነው። ነካው። «እኔ እንጃ» አለ እንደገና፤ አሁንማ ለምዶታል። ሌሊት አልጋው ላይ እያለቀሰ እንደነበር በኋላ ነግሮኛል። ጠዋት ግን ጃኬቱን ለብሶ ይወጣል።

በሦስተኛው ሳምንት ከቤተ ክርስቲያን ሦስት ሰዎች ለጸሎት ተጠሩ። ከሦስቱ አንዱን ታውቁታላችሁ። አሁን እያናገራችሁ ነው።

እማማ አመለወርቅ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ተንበረከኩ። እጃችንን ጫንንባቸው። «ልቀቃቸው! ውጣ!» እያልን ጮኽን። ላብ በላብ ሆንን። እሳቸው ያለቅሳሉ፤ እያለቀሱም የሚወጣውን ነገር ለማየት አንገታቸውን ወደ ኋላ ያዞራሉ። ደምሰው በሩ አጠገብ ቆሟል። «ውጣ!» ባልን ቁጥር «አሜን» ይላል። ኪሱ ውስጥ ሪሞቱን እንደያዘ፣ አሜን!

ጸሎቱ እንዳበቃ አንድ ሐሳብ መጣ። ከማን እንደመጣ ባልነግራችሁ በወደድኩ፤ ከእኔ ነው። «እስቲ ወደ ውሻው እንውጣና እንየው» አልኩ። ትሰማላችሁ? የእግዚአብሔርን ሥራ ውሻ እንዲያረጋግጥልኝ ፈለግሁ።

ወጣን። እኩለ ቀን ነው፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ግቢው ውስጥ ቅጠል አይንቀሳቀስም። ጃክ ታንከሩ ጋ ታስሯል። እማማ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ሁለት እርምጃ ቀረቡ። ውሻው ተነሣ። ፀጉሩ ቆመ። ከትከሻቸው በላይ አየና ሽንቱ አመለጠው።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ሁላችንም ወደ ኋላቸው አየን። ያለው አጥር ነው። ባዶ አጥር። በዚያች ቅጽበት ግን ባዶ አልመሰለኝም፤ ሰውነቴን ውርር አደረገኝ።

እማማ ግን አላለቀሱም። «በቃ ልጆቼ» አሉ። «እኔ ልሂድ። ይሄ ነገር ልጅቷ ላይ እንዳይተርፍ።» ወደ ክፍላቸው ገብተው አንድ ጥቅልል ይዘው ወጡ። ቀድመው አስረውት ነበር። የት እንደሚሄዱ የጠየቀ ሰው የለም። እኔም አልጠየቅሁም። ወይንሸት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍናለች፤ «አይሂዱ» ግን አላለችም።

በሩ ጋ ሲደርሱ፣ መዝጊያው ላይ እጃቸውን ሲያሳርፉ፣ ደምሰው «ቆይ!» ብሎ ጮኸ።

ሮጦ በፊታቸው ቆመ። ከኪሱ ቀበቶውን አወጣ። እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱ ላይ አሰረው፣ ጥብቅ አድርጎ። ሪሞቱን አወጣ። ቁጥሩን ለሁላችንም አሳየን፤ ሰባ ሁለት። ተጫነ።

ክንዱ የራሱ ያልሆነ ይመስል ዘለለ። ጮኾ በጉልበቱ ወደቀ። ጃክ ከታንከሩ ጋ ያንን ጩኸት ሲሰማ አብሮት አላዘነ።

«እማማ» አለ ደምሰው መሬት ላይ እንዳለ፤ «ከኋላዎ ማንም የለም። ማንም ኖሮ አያውቅም። የቆመው ከውሻው ኋላ ነበር። እኔ ነበርኩ።»

ወይንሸት ጥቅልሉን ከእማማ እጅ ተቀብላ፣ አቅፋ፣ ወደ ክፍሉ መለሰችው። እማማ አመለወርቅ ደምሰውን ትክ ብለው አዩት። አልተሳደቡም፣ አልረገሙትም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት፦

«ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ልጄ?»

ወገኖቼ፣ ያ ጥያቄ ለእሱ ብቻ አልነበረም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሁላችንም እሳቸው ውስጥ ምን እንዳለ ስንጠይቅ፣ «ውሻው የዚያን ቀን ምን ነካው?» ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም።

ሃምሳ አለቃ ታፈሰ መጡ። ደምሰውን ገሠጹት፤ «ውሻ የፈራውን ሰው ፊት አያይም፤ ዓይኑን አሽሽቶ ከትከሻው በላይ ነው የሚያየው» አሉን፤ ከዚያ «ከአንድ እንጀምራለን፤ ያለ ሪሞት» አሉ። እማማ በየቀኑ ለጃክ ጎናቸውን ሰጥተው፣ ሳያዩት ይቀመጡ ነበር። ዳቦው መጀመሪያ ሃያ እርምጃ ርቆ ይቀመጣል። ከዚያ አሥራ ዘጠኝ። በአምስተኛው ወር ጃክ ከመዳፋቸው በላ። ዛሬ እንደ ድሮው እግራቸው ላይ ይተኛል።

ውሻው ድኗል። እማማ አመለወርቅ ግን በር ሲገቡ እስከ ዛሬ ድረስ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ዞር ይላሉ። ምንም እንደሌለ ያውቃሉ፤ በራሳቸውም ይስቃሉ። ግን ይዞራሉ። ባለፈው ሳምንት እዚህ አዳራሽ ሲገቡም ሲዞሩ አየኋቸው።

እናንተስ? መሥሪያ ቤታችሁ ውስጥ ሁሉም የሚሸሸው ሰው የለም? ለምን እንደሚሸሹት የሚያውቅስ አለ? መጀመሪያ የተናገረው ማን ነበር? ከቤታችሁ ልጆች መካከል የአክስታቸው ስም ሲነሣ ፊታቸው የሚጠቁር የለም? ልጆቹ አክስታቸው ምንም አላደረገቻቸውም። ስሟ ሲነሣ ከኋላ የተጫነ ሰው አለ። ምናልባት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ምናልባት ሳያስበው ነው። ምናልባትም በፍቅር ነው የጀመረው። ዛሬ ሲጠየቅ ግን «እኔ እንጃ» ይላል።

ሰይጣን የለም አላልኳችሁም። አለ። ግን ያን ቀን እሱን ፍለጋ የተመለከትነው የተሳሳተ ቦታ ነበር። የተንበረከኩትን እናት አየን፤ በሩ አጠገብ ቆሞ አሜን የሚለውን አላየንም።

አሁን እንጸልያለን። ዓይናችሁን ከመጨፈናችሁ በፊት ግን፣ እባካችሁ፣ እያንዳንዳችሁ እጃችሁን ኪሳችሁ ክተቱ። ዳብሱ። በእናንተ ጣት ምክንያት ዛሬ በር ላይ ዞር የሚል ሰው ካለ፣ ስሙን ታውቁታላችሁ። ጥቅልሉን ይዞ ከበሩ ሳይወጣ ድረሱለት።

እስከዚያ አሜን ለማለት አትቸኩሉ።