የምትንቀጠቀጠው ዘበኛ

«ተረት አለኝ።»
«እኛም ጆሮ አለን፤ አምጣው!»

ዋርካ ላይ በተሰቀለ ቀፎ አንዲት ፈሪ ዘበኛ ንብ ነበረች። አንድ ቀን ትዕቢተኛ ተርብ ደጃፉ ላይ አረፈ። ቤቱን አይቶ ከተመለሰ ወንድሞቹን አስከትሎ እንደሚመጣ፣ ቀፎውም እንደሚጠፋ ስለምታውቅ ትንቀጠቀጥ ጀመር።

«ምን ያንቀጠቅጥሻል፣ አንቺ? መውጊያሽ እንደሆነ ደረቴን አይበሳም!» አላት።

«እንግዳ መውጋትማ ነውር ነው፣ ጌታው። ይግቡ፣ እኛ እናቅፋለን» አለችው።

እየሳቀ ገባ። እሷ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፤ እህቶቿም ከላይ ከታች ተደርበው አቀፉት። ከዚያ ሁሉም እንደ እሷ ተንቀጠቀጡ። ከመንቀጥቀጣቸው ሙቀት መጣ፤ ለእነሱ የሚቻል፣ ለእሱ ግን እሳት።

«ኧረ ተቃጠልኩ! ልቀቁኝ!»

«ምነው ጌታው፣ ገና ሰላምታውን መች ጨረስን!»

እቅፉ ሲላላ ተርቡ ሞቶ ወደቀ። ንቢቱም እየተንቀጠቀጠች ደጃፏን ልትጠብቅ ተመለሰች።

ተረቴን መልሱ፣ ማሩን ላሱ።